ሐዲዱ የማን ነው? የኮሎራዶ ሸለቆዎች እና የመስታወት ጣሪያው ባቡር

ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ተነስቶ በሸለቆ ሸለቆ እየታጠፈ ወደ ዩታ ቀይ ቋጥኞች የሚወርደው የጉብኝት ባቡር ለ2026 የጉዞ ወቅት አዲስ ስምና ረዘም ያለ መንገድ ይዞ ቀርቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካናዳው ሮኪ ማውንቴነር ኩባንያ አገልግሎቱን በ2021 ሲጀምር ጉዞው የሁለት ቀን ነበር፤ በበረሃዋ ከተማ በሞዓብ አጠገብም ያበቃ ነበር። አሁን ስሙ ካንየን ስፒሪት ሆኖ ሞዓብን አልፎ እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ ይዘልቃል፤ ሦስት ቀንም ይፈጃል። የመንገደኛ ባቡር ለአሥርተ ዓመታት እየመነመነ በኖረባት አሜሪካ፣ ያውም በዚያ ሰው በተራራቀበት የበረሃ ምድር፣ አንድ ባቡር መንገዱን ሲያረዝም ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የቱሪዝም ገጾች የጻፉት ስለ መስታወቱና ስለ ምግቡ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይህ ባቡር ሰውን ወደ ሸለቆዎቹ ያደርሳል ወይስ ሸለቆዎቹን አሳይቶ ይመልሳል? ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም የዚያን አገር ዕጣ የሚነካ ነው።

ጉዞው እንዲህ ነው። ባቡሩ የሚሄደው ፀሐይ ሳለች ብቻ ነው። ማታ ተጓዡ ሁሉ ወርዶ ሆቴል ያድራል፤ ሻንጣው ቀድሞት ክፍሉ ይደርሳል፤ ጠዋት ተመልሶ ይሳፈራል። ቁርስና ምሳ በመቀመጫው ይቀርብለታል፤ አስተናጋጆች ማይክራፎን ይዘው የሚታየውን ያስረዱታል። ከዴንቨር ሞዓብ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባቡሩ ለዚሁ ሁለት ቀን ይወስዳል። ሰውም የሚከፍለው ለዚህ ዝግታ ነው፤ ዝግታው ደግሞ ዋጋ አለው። ባቡሩ የሮኪ ተራሮችን 10 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞፋት ዋሻ ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ የኮሎራዶን ወንዝ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም መንገድ ከወንዙ አይለይም። የጎር ሸለቆ የመኪና መንገድ የለውም፤ ከኮሎራዶዋ ከተማ ከግራንድ ጀንክሽን በኋላ የሚመጣው የሩቢ ሸለቆም እንደዚያው። እነዚህን ገደሎች ከውስጥ ማየት የሚችለው በጀልባ የሚቀዝፍ ወይም በባቡር የሚያልፍ ብቻ ነው። በሩቢ ሸለቆ የኮሎራዶና የዩታ ወሰን ቋጥኙ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ደኑና ሣሩ አልቆ ምድሩ ራቁቱን ይቀራል።

የመስታወት ጣሪያው ራሱ የተፀነሰው በዚሁ መስመር ላይ መሆኑ የብዙ ተጓዦችን ጆሮ የሚያቆም ታሪክ ነው። በ1944 የጄኔራል ሞተርስ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ሳይረስ ኦስቦርን በግሌንዉድ ሸለቆ ውስጥ ከባቡር ነጂው ጋር በሎኮሞቲቩ ክፍል ተቀምጦ ሲያልፍ ገደሉ ከፊትም ከላይም ተገልጦ አየው። መንገደኛው ግን ከኋላ ባለው ፉርጎ ውስጥ በጠባብ የጎን መስኮት ቁራሹን ብቻ ነበር የሚያየው። ጣሪያው ላይ የመስታወት ጉልላት የሚያወጣ ፉርጎ የመሥራት ሐሳብ ከዚያ መጣ። በ1949 ከቺካጎ ወደ ካሊፎርኒያ መሄድ የጀመረው ካሊፎርኒያ ዜፊር በእያንዳንዱ ባቡር 5 ባለ ጉልላት ፉርጎዎች ነበሩት። የጊዜ ሰሌዳውም ተራራውንና ሸለቆውን በቀን ብርሃን እንዲያቋርጥ ተደርጎ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ባቡሩ የመንገደኛ ባቡር መሆኑ ነው። የሚዝናናው፣ ለሥራ የሚሄደው፣ ዘመድ ጥየቃ የሚጓዘው በአንድ ባቡር ላይ ነበሩ። ውበቱ ለጉዞው ምርቃት እንጂ ብቻውን የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ያ ባቡር በ1970 ቆመ።

ዛሬ ያ ስም በመንግሥት በሚደገፈው በአምትራክ ባቡር ላይ አለ። አምትራክ በ1983 ወደዚህ መስመር መጥቶ እስካሁን በየቀኑ አንድ አንድ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል። ስለዚህ በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ገደል ውስጥ፣ ሁለት ባቡሮች ያልፋሉ። የጉብኝቱ ባቡር ትኬት ለአንድ ሰው ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። በአምትራክ ከዴንቨር ግራንድ ጀንክሽን ለመሄድ አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ከ100 ዶላር በታች ሊከፍል ይችላል፤ የሚያየው ሸለቆም ያው ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸውና ይህን ለእነሱ በተለይ መናገር እወዳለሁ። ጠዋት ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ግሌንዉድ ስፕሪንግስ መውረድና በ1888 በተከፈተው ትልቁ የፍል ውሃ ገንዳ መታጠብ ይቻላል። ፍል ውሃ ለሚወድ ወላጅ ወይም ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ የአንድ ቀን መንገድ በዚያ አካባቢ አላውቅም።

ታዲያ ውዱ ባቡር ምን ይጨምራል? ምቾት ይጨምራል፤ አስረጂ ይጨምራል፤ ቀን ቀን ብቻ መሄድን ይጨምራል። አምትራክ ከቺካጎ ስለሚመጣ ሲዘገይ ሩቢ ሸለቆ ላይ ሊመሽበት ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ መኪና መንዳት የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ሰዎች በቡድንና በአስጎብኚ ሲጓዙ የሚያገኙትን እፎይታም አላቃልልም፤ ብቻውን በረሃ ለመግባት የሚፈራ ሰው በዚህ መንገድ ያየዋል። ያም ሆኖ ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። ለመመለስ ወደ ደቡብ፣ ወደ አሪዞና መሄድ ያስፈልጋል።

ግራንድ ካንየን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቦታ የሆነው በባቡር ነው። ከዊልያምስ ከተማ እስከ ደቡባዊው የገደል ከንፈር የተዘረጋው 103 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ የመጀመሪያውን መንገደኛ በመስከረም 1901 አደረሰ። ከዚያ በፊት ሰው በፈረስ ጋሪ ቀኑን ሙሉ እየተንገጫገጨ 15 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፍል ነበር። የባቡሩ ዋጋ 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። ያን ገደል ከሀብታም ጀብደኞች እጅ አውጥቶ ለመምህሩና ለጸሐፊዋ የከፈተው ይህ ዋጋ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ጠበቃው ጆን ሙይር እንኳ ባቡሩ ቦታውን ያበላሸዋል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ሄዶ ካየ በኋላ ግን ከገደሉ ግዝፈት አንጻር ባቡሩ እንደማይጎዳው ጽፏል። የሳንታ ፌ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ገደሉ አፋፍ ድረስ አመጣው፤ ኤል ቶቫር ሆቴል በ1905 የተከፈተው ከጣቢያው በላይ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ ነው። ከባቡር የወረደ ሰው ሌላ ማጓጓዣ አላስፈለገውም።

በሰሜን በኩል ዩኒየን ፓስፊክ በ1923 እስከ ሲዳር ሲቲ ሐዲድ ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ለሐዲድ አይመችም ነበርና ኩባንያው የራሱን አውቶብሶች አሰማርቶ፣ ሎጆች ሠርቶ፣ ዛየንና ብራይስ የተባሉትን ሸለቆዎችና የግራንድ ካንየንን ሰሜናዊ ከንፈር በአንድ የዙር ጉብኝት አገናኛቸው። እንግዶች ሲሄዱ የሎጁ ሠራተኞች በር ላይ ተሰልፈው እየዘመሩ ይሸኟቸው ነበር። ዛሬ በቡድንና በአስጎብኚ የሚደረግ የባቡር ጉብኝት ስንል የምንናገረው ቅርጽ በአብዛኛው የተሠራው ያኔ ነው። የዚያ ቅርጽ አጥንቱ ደግሞ የመጨረሻው መንገድ ነበር፤ ኩባንያው ሰውን መንገድ ላይ አይተወውም። ሁለቱንም የገደለው የግል መኪና ነው። በ1968 ወደ ግራንድ ካንየን የሄደው የመጨረሻ ባቡር የያዘው 3 መንገደኛ ነበር። ባቡሩ በ1989 ሲመለስ ግን መኪናው በአፋፉ ላይ የፈጠረውን መጨናነቅ የሚያቃልል ሆኖ ተመለሰ፤ ዛሬም ጣቢያው በዚያው በድሮው ቦታ፣ ከሆቴሉ ሥር ነው።

አሁን ወደ ሞዓብ እንመለስ። የጉብኝቱ ባቡር ወደ ከተማዋ መሃል አይገባም፤ በዚያ በኩል ያለው ሐዲድ ለማዕድን ጭነት በ1960ዎቹ የተሠራ ቅርንጫፍ ስለሆነ የከተማ ጣቢያ የለውም። ተጓዦች ከከተማው ውጭ ወርደው በአውቶብስ ይወሰዳሉ። በቡድን የሚሸጡት ረጃጅም ጉብኝቶችም ከዚያ በኋላ ወደ አርችስና ወደ ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርኮች፣ አንዳንዶቹም እስከ ሞኑመንት ቫሊ በአውቶብስ ነው የሚሄዱት፤ የባቡር ጉብኝት ተብሎ የተሸጠው ጊዜ ትልቁ ድርሻ በአስፋልት ላይ ያልፋል። አውቶብሱን አልነቅፍም፤ ዩኒየን ፓስፊክም ያደረገው ያንኑ ነው። የሚቆጨኝ አውቶብሱ የባቡሩን ደንበኛ ብቻ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። በአምትራክ መጥቶ ግሪን ሪቨር ጣቢያ ለወረደ ሰው ሞዓብ ገና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ ያንን የሚወጣው በራሱ መላ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መጀመሪያውኑ መኪና ይዞ ይመጣል።

መዘዙም የታወቀ ነው። አርችስ ብሔራዊ ፓርክ በ2021 1.8 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ተቀበለ። መኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩ በጠዋት እየተዘጋ ሰው ይመለስ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ፓርኩ ለበርካታ የጉብኝት ወቅቶች ሰዓት የተወሰነለት የመግቢያ ቦታ አስቀድሞ የማስያዝ ሥርዓት ሠራ። ይህ የመጣውን መኪና በሰዓት ይደለድለው ነበር እንጂ መኪናውን አላስቀረም። ዛየን በ2000 የወሰደው እርምጃ ጠንካራ ነበር፤ በጉብኝቱ ወቅት የግል መኪና ወደ ሸለቆው ዋና መንገድ እንዳይገባ ከልክሎ ሁሉንም በማመላለሻ አውቶብስ አደረገ። ሰው ሄደ፤ ሸለቆው ጸጥ አለ። ከዚህ የምረዳው ሰው መኪናውን የሚተወው ሌላው መንገድ እስከ መጨረሻው ሲያደርሰው መሆኑን ነው። የጉብኝቱ ባቡር ሰው ያለ መኪና ቀይ ሸለቆውን ለማየት ብዙ ሊከፍል እንደሚፈልግ በተግባር አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድለው የዩታና የኮሎራዶ መስተዳድሮች ያንን ፍላጎት ለተራው መንገደኛም ማሟላት ነው፤ ግሪን ሪቨር ላይ ከአምትራክ ሰዓት ጋር የተገጣጠመ፣ ማንም ተሳፍሮ ሞዓብና አርችስ በር ድረስ የሚሄድበት አውቶብስ መጀመሪያው ይሆናል።

የከበደው ጉዳይ ግን ሐዲዱ ነው። ከሞፋት ዋሻ በስተቀር ከዴንቨር እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው መስመር የዩኒየን ፓስፊክ ንብረት ነው። አምትራክም ሆነ የጉብኝቱ ባቡር በሰው ቤት እንግዳ ናቸው። ለአምትራክ ቢያንስ በ1973 የወጣ ሕግ ከጭነት ባቡር ቀድሞ እንዲያልፍ መብት ይሰጠዋል፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ባይከበርም። የግል የጉብኝት ባቡር ያለው መብት ከባለ ሐዲዱ ጋር የተዋዋለው ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ የክርክር ማሟሻ ብቻ እንዳይመስል የዩንታ ተፋሰስ ባቡርን ማየት ይበቃል። በሰሜን ምሥራቅ ዩታ ያለውን የነዳጅ ምድር ከብሔራዊው የሐዲድ መረብ ጋር የሚያገናኝ 142 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ሐዲድ ለመሥራት የፌደራሉ የየብስ ትራንስፖርት ቦርድ በ2021 ፈቀደ። የኮሎራዶዋ ኢግል ካውንቲና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ከሰሱ፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረ። በግንቦት 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 0 ያንን ውሳኔ ገለበጠ፤ ቦርዱ ነዳጁ ሲወጣና ሩቅ ቦታ ሲጣራ የሚመጣውን ጉዳት እንዲመዝን አይገደድም አለ። ከዚያ ምድር የሚወጣው ድፍድፍ ሰም የበዛበት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በሙቀት ነው የሚጫነው። ፕሮጀክቱ ሙሉ አቅሙን ቢጠቀም በቀን እስከ 350,000 በርሜል ያንቀሳቅሳል፤ ያ ጭነት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የሚያልፈው በሩቢ፣ በግሌንዉድና በጎር ሸለቆዎች፣ ከወንዙ ጥቂት ሜትር ርቆ ነው። ከዚያ ወንዝ 40 ሚሊዮን ያህል ሰው ይጠጣል፣ ያርሳል። የሸለቆው ግድግዳም እንደ ድሮው የጸና አይደለም። በ2020 የግሪዝሊ ክሪክ እሳት የግሌንዉድን አፋፍ አቃጠለ፤ በ2021 ክረምት ዝናብ ሲመጣ የተራቆተው አፈር በጭቃና በድንጋይ ጎርፍ ወርዶ አውራ ጎዳናውን ለሁለት ሳምንት ያህል ዘጋው። የጉብኝቱ ባቡር የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረው ልክ መንገዱ በተከፈተበት ሰሞን ነው።

ይህ ሁሉ በማይክራፎን ይነገራል ወይ? አስጎብኚ ያለበት ጉዞ ትልቁ ኃይሉ ተጓዡ መስኮት ላይ ዓይኑን በተከለበት ሰዓት ምን እንደሚሰማ መምረጡ ነው። ባቡሩ ሞዓብ ሲቃረብ የሚሄድበት ቅርንጫፍ ከ2009 ጀምሮ ሌላ ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። በ1950ዎቹ የዩራኒየም ጥድፊያ ዘመን በኮሎራዶ ወንዝ ዳር የተተከለው ፋብሪካ 16 ሚሊዮን ቶን ያህል መርዛማ ዝቃጭ ጥሎ አልፎ ነበር፤ መንግሥት ያንን ክምር በባቡር እየጫነ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ክሬሰንት ጀንክሽን አጠገብ ወደተዘጋጀ መቅበሪያ ሲያወጣው ቆይቷል። ይህን የሰማ ተጓዥ ቀዩን ቋጥኝ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፤ የጉብኝቱ ደስታ ግን አይቀንስበትም። ፋብሪካ ያበላሸውን ምድር ሐዲድ ሲያጸዳው ማየት እንዲያውም ልብ የሚያነሳ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ መነገር ያለበት የምድሩ ነባር ባለቤት የሆነው የዩት ሕዝብ ታሪክ ነው። የግሌንዉድ ፍል ውሃ፣ ባቡሩ የሚያልፍባቸው የምዕራብ ኮሎራዶ ሸለቆዎች ሁሉ፣ የዩቶች አገር ነበሩ። በ1881 የአሜሪካ ጦር ከዚያ አስለቅቆ ወደ ዩታ አሻገራቸው። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ባቡር በባዶው ሸለቆ ግሌንዉድ ገባ። ዩቶች የተወሰዱበት የተከለለ መሬት ደግሞ ዛሬ ነዳጁ የሚወጣበት የዩንታ ተፋሰስ ነው፤ የጎሣው መንግሥትም የአዲሱን የነዳጅ ባቡር ፕሮጀክት ከደገፉትና ከተሳተፉበት ወገኖች አንዱ ነው። በውብ ሸለቆ የሚኖረውና ባቡሩን የሚቃወመው ኢግል ካውንቲ የተቀመጠው ከዩቶች በተወሰደ ምድር ላይ ነው። እኔ የነዳጁ ባቡር በዚያ ወንዝ ዳር ማለፉን አልደግፍም፤ ነገር ግን መሬቱን ለተነጠቀና የቀረውን ለመጠቀም ለሚፈልግ ሕዝብ ውበቱን ጠብቅልን ማለት ከባድ መሆኑን ሳይናገር የሚያልፍ አስጎብኚ ሥራውን አልሠራም። በሞኑመንት ቫሊ ናቫሆ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ይህን ፈትተውታል። ፓርኩ የራሳቸው ነው፤ ለሕዝብ ከተከፈተው መንገድ ወጥቶ ወደ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሁሉ የናቫሆ አስጎብኚ መያዝ አለበት፤ ታሪኩን የሚነግረው ባለቤቱ ነው። በግሌንዉድ በኩል የሚያልፍ ባቡር የዩት አስረጂ ቢሳፈርበት ያ ሁሉ ዋጋ የሚገባው ጉዞ ይሆን ነበር።

በሐዲዱ ላይም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የሞፋት ዋሻ የኮሎራዶ መንግሥት ንብረት ነው፤ ባቡር ኩባንያው ይጠቀምበት የነበረው በ99 ዓመት ኪራይ ነው። ኪራዩ በ2025 መጀመሪያ ሲያበቃ ኮሎራዶ አዲስ ኪራይ ከመስጠቷ በፊት ተደራደረች፤ በምትኩም ከዴንቨር በተራራው አልፎ እስከ ክሬግ ከተማ የመንገደኛ ባቡር የማስኬድ መብት አገኘች። ሐዲድ የሌለው ወገን የሚይዘው ነገር ካለው ባለ ሐዲዱን ማስማማት እንደሚችል ይህ ያሳያል። ሆኖም ቦንድ የምትባል ትንሽ መገናኛ ላይ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ክሬግ ይወጣል፤ መብቱ የተገኘው በዚያኛው ነው። ሌላው ወንዙን ተከትሎ ወደ ግሌንዉድ፣ ወደ ግራንድ ጀንክሽንና ወደ ቀዩ በረሃ ይወርዳል፤ በእሱ ላይ ስለሚኖረው የመንገደኛ ባቡር ቁጥር ኮሎራዶም ዩታም እንዲህ ያለ ውል የላቸውም። ዩታ ቱሪስቱን የምትፈልገውን ያህል ይህን ውል ብትፈልግ፣ ኮሎራዶም ኢግል ካውንቲ ነዳጁን በፍርድ ቤት የተከራከረበትን ዓይነት ጉልበት ለዚህ ብታውል፣ ድርድሩ መጀመር ያለበት የነዳጁ ባቡሮች መስመሩን ከመሙላታቸው በፊት ነው።